የሌሊቱ የእግር መጨምደድ በእርግጥ የብርድ ነገር ነውን?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመቷ እናቴ የምትኖረው ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙ በማይርቅ ዳገታማ ሰፈር ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ በሳምንት ሦስትና አራት ሌሊት ቀኝ እግሯ እየተጨመደደ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። አንዳንዴ ባቷ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚይዛት ውስጥ እግሯን ሲሆን፣ አውራ ጣቷ ወደ ታች ይታጠፍና ሌሎቹ ጣቶች ይነባበሩበታል። ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ ሕመሙ ቢለቃትም፣ እግሯ ቀኑን ሙሉ ሲደበደብ ያደረ ይመስላታል። ጎረቤቶቻችን ብርድ ነው ብለው በካልሲና በባና ጠቅልላ እንድትተኛ መክረዋት ነበር፤ እንዲያውም ባሰባት። ቆቦ የሚኖረው አጎቴ ደግሞ ለወባ ታዞለት የተረፈውን ኪኒን ልኮላታል፤ ገና አልዋጠችውም። ላለፉት ሁለት ዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። መንስኤው ምንድን ነው? የካልሲየም መርፌ ብትወጋስ ይሻላታል?
ልጇ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ትኩረታችንን የሳበው «እንዲያውም ባሰባት» ያሉት ነው፤ የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለና።

ስፖርተኞች ክራምፕ የሚሉት ይህ ሕመም፣ ጡንቻ ሳይታዘዝ በድንገት ተኮማትሮ አልፈታም የሚልበት ሁኔታ ነው። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከለቀቀ በኋላም ጡንቻው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ያመዋል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ባለፈ ሰዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ላይ ከጀርባው ሌላ በሽታ አይገኝም።

ሰው በጀርባው ሲተኛ የእግሩ ጣቶች በራሳቸው ጊዜ ወደ አልጋው ግርጌ ያዘነብላሉ። በዚህ አኳኋን የባትና የውስጥ እግር ጡንቻዎች አጥረው ያድራሉ፤ አጥሮ የተቀመጠ ጡንቻ ደግሞ ትንሽ የነርቭ ትእዛዝ ሲደርሰው ከዚያ በላይ የሚያጥርበት ቦታ ስለሌለው ተጨማዶ ይቀራል የሚለው ማብራሪያ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው። እንግዲህ በዚህ ላይ ከባድ ባና ይደረብበትና ጫፉ ፍራሽ ሥር ይወተፍበት፤ ጣቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች እንደተጫኑ ያድራሉ። እናትዎን ያባሰባቸው ሙቀቱ ሳይሆን ክብደቱ ይመስለናል። ባናውን ከጉልበት በላይ አድርገው፣ ለእግራቸው ቀለል ያለ ጋቢ ብቻ ግርጌው ሳይወተፍ ቢለብሱ፣ ወይም በጎናቸው ቢተኙ ለውጡን ያዩታል።

ብርድን በተመለከተ የጎረቤቶችዎ አስተያየት በመላው ወሎ የሚሰማ ነው። ሆኖም ነገሩ ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የደጋው የደላንታ ሰው እንጂ የቆላው የባቲ ሰው ባልታመመ ነበር፤ ከባቲም ይህንኑ ጥያቄ የሚጽፉልን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ የታተመ ጥናትም ሕመሙ የሚበረታው የእነርሱ የሙቀት ወቅት በሆነው ሐምሌ አካባቢ፣ የሚቀንሰውም በረዶ በሚጥልበት በጥር አካባቢ መሆኑን አመልክቷል። ካልሲው አይጎዳምና ያድርጉት፤ ተስፋቸውን ግን በእርሱ ላይ ብቻ አይጣሉ።

ሌላው ነገር ድካም ነው። ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ይዞ ዳገቱን የወጣ ሰው ባቱ ምን ያህል እንደሚወጠር ያውቃል። ቁልቁለቱን በሸበጥ ሲወርዱ ደግሞ ጣቶች ጫማው እንዳያመልጥ በየእርምጃው ይጨብጣሉ፤ ቀን ሲጨብጡ የዋሉ ጣቶች ሌሊት ቢጨመደዱ አያስገርምም። ስለዚህ እናትዎ ሸበጥ የሚያዘወትሩ ከሆነ ተረከዝን ደግፎ የሚይዝ ሽፍን ጫማ ቢገዙላቸው ከማንኛውም መርፌ በፊት የሚመጣ መፍትሔ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጅማት እያጠረ መሄዱም በዚህ ላይ ይታከላል።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስም አልጻፉልንም። በአገራችን በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲሆን፣ ሽንት በማብዛት የሚሠራ በመሆኑ ከሰውነት ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሊያስወጣ ይችላል። ፉሮሰማይድም እንዲሁ ነው። ለኮሌስትሮል የሚሰጡት የስታቲን መድኃኒቶችና ለአስም የሚወሰደው ሳልቡታሞልም የጡንቻ መጨምደድን ሊያስከትሉ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከእግር ሕመሙ እጅግ የከፋ መዘዝ አለው፤ የሚሻለው ሁሉንም እንክብሎች ከነማሸጊያቸው ይዞ ወደሚከታተሏቸው ጤና ተቋም መሄድና የፖታሲየም፣ የስኳርና የኩላሊት የደም ምርመራ እንዲደረግላቸው መጠየቅ ነው። የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ድካምና የታይሮይድ ዕጢ መዳከምም በእግር መጨምደድ ሊገለጡ ይችላሉና።

የካልሲየም መርፌውን አንመክርም። በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ጉድለቱ በምርመራ ሳይረጋገጥ ለእግር ሕመም ተብሎ የሚወጉት አይደለም። በየፋርማሲው የሚሸጠው የማግኒዚየም እንክብልም በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ያን ያህል ጥቅም እንደሌለው የተደረጉት ጥናቶች ያሳያሉ።

ከቆቦ የተላከውን ኪኒን እባክዎ እንዳይውጡት። ኮአርተም ከሆነ ለእግር መጨምደድ የሚያደርገው ነገር የለም። ኩዊኒን ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ (ማንኛውንም እንክብል ኪኒን የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ተነሥተን ነው) ለዚህ ሕመም ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረና በመጠኑም የሚያስታግስ ነው። ነገር ግን ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት በድንገት በመቀነስና የልብን ምት በማዛባት ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ለእግር መጨምደድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አግዷል። በ2006ም ለዚህ ሕመም መወሰዱን በመቃወም በድጋሚ አስጠንቅቋል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ሕመሙ በያዛቸው ቅጽበት ጣቶቹን በእጅ ይዞ ወደ ቅልጥም አቅጣጫ ቀስ እያሉ ማቅናት፣ ከተቻለም ከአልጋ ወርዶ በሙሉ እግር መሬት ረግጦ መቆም ጡንቻውን ይፈታዋል። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲይዘው እግሩን ወደ ታች ይዘረጋል፤ ይህ ጨምዳዳውን የባሰ ያጠብቀዋል። ከለቀቀ በኋላ ማሸትና በጨርቅ በተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ መተኮስ ደስ ይላል፤ የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሳይታወቀው ሊቃጠል ስለሚችል ይህን አያድርግ።

መከላከያው ከመኝታ በፊት የሚደረግ ማሳሳብ ነው። ከግድግዳ አንድ እርምጃ ያህል ርቀው ይቁሙ፤ ሁለት እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ተረከዛቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ፣ ባታቸው እስኪወጠር ድረስ ወደፊት ዘንበል ይበሉ። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ቆይተው ይመለሱና ሦስት ጊዜ ይድገሙት። እናትዎን በተለይ የሚይዛቸው ውስጥ እግራቸውን በመሆኑ፣ ተቀምጠው ቀኝ እግራቸውን ግራ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ እየሳቡ በሌላው እጅ የተወጠረውን ጅማት ከተረከዝ ወደ ጣት ቢያሹት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድስ ከ55 ዓመት በላይ በሆኑ 80 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለስድስት ሳምንት በየምሽቱ ያሳሳቡት ሰዎች በአማካይ በሌሊት አንድ ጊዜ ያህል ቀንሶላቸዋል። በሦስት ቀን ውጤት አይጠብቁ፤ ወር ይስጡት።

በረመዳን ወራት ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውሃን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ከፋፍሎ መጠጣት ይጠቅማል። ተቅማጥ ከያዛቸው የወጣውን ውሃና ጨው በኦአርኤስ ይተኩት።

አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። ሲራመዱ ብቻ የሚያምና ሲቆሙ የሚለቅ የባት ሕመም የደም ሥር መጥበብን፣ የማያቋርጥ መደንዘዝና ማቃጠል ደግሞ የነርቭ ጉዳትን ሊያመለክት ስለሚችል ሁለቱም ምርመራ ይሻሉ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ የምሠራ ነኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስሆን ሌሊት ሌሊት ባቴን እየያዘኝ እጮሃለሁ። ባለቤቴ ለፅንሱ ሰግቷል።
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህታችን፣ በወሎ ወግ «አብሽሪ» እንልሻለን። በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ ይህ በብዙ እናቶች ላይ የሚደርስ ሲሆን ፅንሱን አይጎዳም፤ ከወለድሽ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ይተውሻል። ከላይ የገለጽነውን የግድግዳ ማሳሳብ ግድግዳውን በደንብ ይዘሽ መሥራት ትችያለሽ። በሥራ ላይ ሳለሽም ክብደትሽን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወርሽ ተረከዝሽን አንሺ፣ መልሽ፤ በእረፍት ሰዓትሽ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ለነፍሰ ጡር ይረዱ እንደሆነ የተደረጉት ጥናቶች አይስማሙም፤ ስለዚህ በራስሽ ከመግዛትሽ በፊት በክትትል ቀንሽ አዋላጅ ነርሷን አማክሪ፤ የታዘዘልሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ግን አታቋርጪ። ነፍሰ ጡር ሴት ለደም መርጋት ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጠች ስለሆነች፣ አንዱ እግርሽ ከሌላው በተለየ ካበጠ የክትትል ቀንሽን አትጠብቂ። ባለቤትሽም ከመስጋት ይልቅ ሌሊት ሲይዝሽ ተነሥቶ ጣቶችሽን ወደ ላይ ቢያቀናልሽ ይበልጥ ይረዳሻል፤ ሆድ በገፋበት ሰዓት ጎንበስ ብሎ የራስን ጣት መያዝ ቀላል አይደለምና።