ባቢሎን በውስጣችን ናትን?

ጥያቄ፦ ዳዊት ስደግም መዝሙር 136 መጨረሻ ላይ የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት የሚፈጠፍጣቸውን ሰው ብፁዕ የሚለው ቃል ይከብደኛል። አንድ ባልንጀራዬ፣ «መጽሐፉ ሁሉ የሚናገረው ስለ ሰው ኅሊና ነው፤ ባቢሎንም በውስጥህ ናት» አለኝ። እንዲህ ብሎ ማንበብ ታሪኩን መካድ አይሆንምን? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ባልንጀራዎ ካሉት ውስጥ «በውስጥህ ናት» የሚለው ከቀደምት ትርጓሜ ጋር ይስማማል፤ «ሁሉ» የሚለው ግን አይስማማም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው መምህር ኦሪገን (በሌላ ትምህርቱ ኋላ ቢወገዝም) ሕፃናቱን በልብ ውስጥ ገና የሚበቅሉ ክፉ ሐሳቦች ብሎ ተርጉሟቸዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ዓለቱን ክርስቶስ ብሎታል። ለዚህም የጳውሎስ ቃል አለ (1ኛ ቆሮ. 10፥4)።

ሌሊት ለጸሎት ተነሥተው ሳለ ትናንት የሰደበዎ ሰው ትዝ ቢልዎ፣ ያ ትዝታ ገና ሕፃን ነው። የሚመልሱለትን ስድብ ቃል በቃል ማሰናዳት ሲጀምሩ ግን ጡት ይጠባል፣ ይጠነክራል፣ ሲነጋም ይዞዎት ወደ ሰውየው ደጅ ይሄዳል። ራስን መግዛት የሚጀመረው ሐሳቡ በእግሩ ሳይቆም ስለሆነ፣ ምሳሌ 16፥32 መንፈሱን የሚገዛውን ሰው ከተማ ከሚይዘው ማስበለጡ አያስደንቅም።

ታሪኩስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ሕዝቧን ማርኳል፤ መዝሙሩም የእነዚያ ምርኮኞች ልቅሶ ነው። ጳውሎስ በገላትያ 4 አጋርንና ሣራን የሁለት ኪዳን ምሳሌ ሲያደርጋቸው፣ አልነበሩም አላለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታች ቤት የተባለውን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ ያስተማሩባት የእርስዎ ከተማ ጎንደርም ይህን ታውቃለች፤ በጉባኤ ቤቷ መምህሩ ንባቡን ፈትቶ፣ ታሪኩን አውርቶ፣ ከዚያ በኋላ «አንድም» (ሌላም ፍቺ አለው) እያለ ምሥጢሩን ይጨምራል እንጂ የፊተኛውን አይሽርም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሁሉን ወደ ኅሊና የሚመልስ አንባቢ የሚከብደውን ትእዛዝ ሁሉ ምሳሌ ማድረጉ ነው፤ «ለድሃ ስጥ» ሲባል «ድሃው የውስጤ ድሃ ነው» የሚል ሰው መቀነቱን አይፈታም። ስለዚህ ባልንጀራዎን፣ ባቢሎንን በውስጡ ያገኘ ሰው በደጁ የቆመውንም ስደተኛ አግኝቶት እንደሆነ ይጠይቁልኝ።