የስድስት ወር ኪራይ ከፍላችሁ ብቻ አትተዋት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ ከሦስት ልጆቿ ጋር ለምታድረው እናት 36,000 ብር አሰባስበናል፤ የስድስት ወር ቤት እንከራይላት ወይስ ማቆያ ቤት (ቤት የሌላቸውን ለጊዜው የሚያስጠልል ድርጅት) እናስገባት ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ፤ ረዘም ቢልብህ ታገሠኝ።

ባለቤቴ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ወጣና ድምፁ ጠፋ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የተከራየነው ቤት የአራት ወር ውዝፍ ሲጠራቀምበት ዕቃችን ደጅ ወጣ። በሐምሌ፣ በዚያ በደሴ ብርድ። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ሰዎች አዝነው የሦስት ወር ኪራይ ከፈሉልኝ፣ አላህ ይስጣቸው። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ግን ሥራም መታወቂያም አልነበረኝም፤ ተመልሼ በረንዳ ወጣሁ። የሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ሰው «ረድተናት ነበር እኮ» እያለ ያልፍሃል፤ ልጆችም ቤት እንደሚነጠቅ ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ ነው ኮምቦልቻ ያለ አንድ ማቆያ ቤት የተቀበለን። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሙቀቱ ሲያገኘን ትንሹ ልጄ «እማ፣ እዚህስ በረንዳም አይበርድም» አለኝ። ለዘጠኝ ወር አንድ ክፍል ሰጡን፤ ማብሰያው የጋራ ነው፣ ምጣድ በተራ። በረንዳ ስታድር ባለሱቁ ደጁን ሊጠርግ ሳይመጣ መነሣት አለብህ። ልጆቼ ቁልፍ ያለው ክፍል ገብተው እንኳ ለሁለት ወር ያህል ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኛቸው ነበር። ስለዚህ እቺ እናት ቤት በገባች ማግስት ሥልጠና፣ ሥራ እያላችሁ አታጣድፏት። መጀመሪያ ትተኛ።

ማቆያ ቤት ካገኛችሁ ሦስቱንም ልጆች አብረው ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔን የተቀበለኝ ቤት ወንድ ልጅ 12 ዓመት ካለፈው አይቀበልም ነበር፤ ታላቁን ዘመድ ጋ ተውኩት። ዘጠኝ ወር ነው ብዬ። ትምህርቱን አቋርጦ ሸክም ሥራ ገብቶ ነው ያገኘሁት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንዱን ልጅ ከውጭ የሚያስቀር ከሆነ አንድ ክፍል ተከራይታ አብረው ቢኖሩ ይሻላል እላለሁ።

ትልቁ ነገር መታወቂያ ነው። ቀበሌ ስሄድ የቤት ቁጥር አምጪ አሉኝ፤ አከራይ ጋ ስሄድ መታወቂያ አምጪ። የድሮ ቀበሌዬ ደግሞ መሸኛ ለመጻፍ እዚያ እንደኖርኩ የሚመሰክር ፈለገ። የፈታልኝ ከማቆያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤና አብራኝ የተመላለሰች ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። በቃሌ ብዬ ያልሰሙኝን እሷ ስትለው ሰሙ። ድሃ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ጎዳና ላይ ላሉ ሰዎችም የተለየ ክፍል ነበረው። እኔ ግን ነዋሪ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀት ባለመያዜ በምልመላው ስሜ ሳይነሣ አልፎኛል። የጤና መድኑም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም ያው ወረቀት ይጠይቃሉ። ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት የመታወቂያውን ነገር ጀምሩት።

ብሩን በተመለከተ፣ የስድስት ወሩን በአንዴ አትክፈሉ። ሦስት ወር ሙሉውን ቻሉላት፣ ቀጥሎ ሦስት ወር ግማሹን፣ ከዚያ ሩቡን፤ የቀረውን እሷ ትሙላ። የሚተርፈው ለምጣድና ለጤፍ ይሁናት፣ ወይም እሷ ለምትችለው ሥራ። እኛን በማቆያው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየሳምንቱ 50 ብርም ብትሆን በስማችን ባንክ ያስገቡን ነበር፤ ስወጣ ቀብድ የከፈልኩት በዚያች ነው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ መጋገሪያ ጊዜ የላቸውም፤ እንጀራዬን የሚገዙኝ እነሱ ናቸው። የደሴውን ገበያ ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፣ ጠይቋት።

ውሉ በጽሑፍ፣ በእሷ ስም ይሁን፤ በእናንተ ስም አይሁን። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ከገባችም በኋላ ከእናንተ አንድ ሰው፣ ያው አንድ ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ ይጠይቃት። እኔን ከማቆያው ከወጣሁ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም፤ ልጄ ሲታመምብኝ የኪራዩን ብር ለመድኃኒት አውጥቼ ለጥቂት ነው ዳግም ያልወጣሁት።

መታወቂያው ላይ ካስቸገሯችሁ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሐሙስ ስለማልጋግር ደሴ መጥቼ አብሬያችሁ ቀበሌ እሄዳለሁ።