መልስ፦ የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ በጄሶ ወይስ በሲሚንቶ?

እህቴ፣ ልስን ሠርተሽ እንደማታውቂና የትንሿን መታጠቢያ ቤትሽን የሶሌታ (የኮንክሪት) ጣሪያ በጄሶ ይሁን በሲሚንቶ መለሰን እንደሚሻልሽ ጠይቀሻል። እኔ ያለ ማመንታት በሲሚንቶ እልሻለሁ። ጄሶ ለእጅ ይቀላል፤ ነገር ግን የሻወር እንፋሎት ሲመላለስበት ይለሰልሳል፣ ቆይቶም ይላጣል።

ከሁሉ በላይ ለዝግጅቱ ጊዜ ስጪ። ኮንክሪቱ ሲሞላ ከሥር የያዘው ጣውላ የተቀባው ዘይት ሶሌታው ላይ ከቀረ ልስን አይዝም። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ በማግስቱ እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ወለሉ ላይ ጠበቀኝ፤ አንዱን ቁራጭ አንስቼ ብገለብጠው ጀርባው እንደ መስታወት ለስላሳ ነበር። ስለዚህ በብረት ብሩሽ ፈትጊው፣ በመሮ ጫር ጫር አድርጊው፣ እጠቢው። ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ2 እጅ አሸዋ ጋር አቅጥነሽ ርጪበትና እስኪጠነክር አንድ ቀን ተዪው።

ለዋናው ልስን 1 ለ3 ይበቃል፤ አሸዋው ግን በደንብ የተነፋ ይሁን። ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፤ የገዛ ክብደቱ ይጎትተዋል። ጥቂት ጥቂት እያልሽ አቡኪ። ደግሞ እባክሽን፣ መነጽር ሳታደርጊ ቀና እንዳትዪ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ዓይን ያቃጥላል። ከጨረስሽ በኋላ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፍክፊበት።