የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ጎበዝ ያልናት ልጅ ምን ነካት?»

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። በርበሬ ነጋዴ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ ከአንደኛና ከሁለተኛ ወርዳ አታውቅም። ለ9ኛ ክፍል አንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ልናስገባት አስበናል። ተፈትነው ነው የሚገቡት። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ የሚባል የማሰብ ችሎታ ፈተና አለው፤ ያለፉት ደግሞ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃቸዋል። አራት ወር ይቀረናል። ባለቤቴ ሁለት አስጠኚ ቀጥሮላታል። እኔም ቴሌግራም ላይ ያገኘሁትን ወርክሺት ሁሉ ፕሪንት አስደርጌ አምጥቻለሁ፤ ክምሩ ስንዝር አልፏል። ውጤቷ ግን ፈቅ አላለም። ከ50 ጥያቄ አንዴ 29፣ አንዴ 30፣ አንዴ 28 ታመጣለች። ሰሞኑን ደግሞ የጥናት ሰዓት ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። ጎበዝ ያልናት ልጅ ምን ነካት? ሌላ አስጠኚ ልጨምር? ደግሞስ በ14 ዓመቷ ከቤት መውጣቷ ደግ ነው ይላሉ?»

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥሽ። አስጠኚ አትጨምሪ። ወርክሺትም አትጨምሪ። እንዲያውም ያን ክምር ለጊዜው ቁም ሳጥን ላይ ስቀይው፤ ልጅቷ በየቀኑ አትየው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ከ50ው 29 አመጣች ብለሻል። የቀሩት 21 የትኞቹ ናቸው? ለምን ሳተቻቸው? ይህን አልጻፍሽልኝም። አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ የሚጽፍልኝ ወላጅ ሁሉ ልጁ ያመጣውን ቁጥር ይነግረኛል እንጂ የሳተውን አያነሳም። እኔ ደብረ ማርቆስ 34 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንጀራዬ የነበረው ግን የተሳተው ነው። የመለሰችውንማ ታውቀዋለች። ሌላ 50 ጥያቄ ብትሰጫት ያንኑ የምታውቀውን ትመልሳለች፣ ያንኑ የማታውቀውን ትስታለች። 29፣ 30፣ 28 የሚልሽ ይህንኑ ነው።

አንድ ጥያቄ ላሳይሽ፤ አንቺ ነጋዴ ስለሆንሽ ቶሎ ይገባሻል። አንድ ኪሎ በርበሬ 400 ብር ነበር። ዋጋው 25 በመቶ ጨመረ። ከወር በኋላ ደግሞ 25 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ያለ ልጅ፣ እሱም አንደኛ የሚወጣ፣ ሳያመነታ «400» አለኝ። ጨመረ፣ ያንኑ ያህል ቀነሰ፣ ወደነበረበት ተመለሰ። ከምርጫዎቹ ውስጥም 400 አለ። ጥያቄ አውጪው አውቆ ነው ያስቀመጠው።

«ሲጨምር ስንት ደረሰ?» አልኩት። «500።» «ሲቀንስ የቀነሰው ከየትኛው ነው?» ልጁ ዝም አለ። እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አድርጎ ትንሽ ቆየና፣ «ከ500ው ነው እንዴ?» አለኝ። የ500 ሩብ 125 ነው፤ ሲቀነስ 375 ይቀራል። ከዚያ በኋላ በመቶኛ የተጠየቀውን ሁሉ ገና ሳይነካው «የምን በመቶ?» ማለት ጀመረ። አንድ ስህተት ላይ ሩብ ሰዓት ተቀምጠን ያገኘነውን፣ 40 ወርክሺት ቢሠራ አያገኘውም ነበር።

ስለዚህ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢላት። የስህተት ደብተር በይው። በግራው ገጽ የሳተችውን ጥያቄ ከነሠራችበት መንገድ ትጻፈው፤ እንዳታጠፋው። በቀኙ ገጽ ለምን እንደሳተች በራሷ ቃል በአማርኛ ትጻፍ። «ቸኩዬ ነው» ካለች አትቀበያት። ስትቸኩል የዘለለችው ምን ነበር? የመቀነስ ምልክት ነው? አንድ ቃል ነው? እሱን ትጻፍ። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው አስጠኚዎቹ ይስጧት። ከመለሰችው ይለፍ፤ ካልመለሰችው ደብተሩ ውስጥ ይቆይ። አስጠኚዎቹም አንዱ ይበቃሻል፤ ሁለቱ ሁለት መንገድ እያሳዩ እንዳያምታቷት።

አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። ሲያጫውቱኝ፣ ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት። የኔታ ግን ቃሉ የተሰበረበት ላይ አስቁመው ይመልሱታል። ልጁ እሷኑ አቃንቶ ሳይመጣ ወደሚቀጥለው አያሻግሩትም። እኛ ጎጃሞች ይህን የመሰለ ትምህርት በደጃችን እያለ፣ ልጆቻችንን በወረቀት ብዛት ልናስተምር መነሳታችን ያሳዝነኛል።

ደብተሩን ስትጀምር ሦስት ዓይነት ስህተት የምታገኚ ይመስለኛል። አንዱ ክፍተት ነው። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት በየአካባቢያችን ትምህርት እየተቋረጠ፣ ልጆች ያልተማሩትን ምዕራፍ አልፈው ነው ወደላይ የወጡት። ልጅሽ ክፍልፋይን ወይም ሬሾን በሩጫ ተምራው ከሆነ፣ 8ኛ ክፍል ላይ አንደኛ መውጣቷ አይሸፍነውም። የ6ኛና የ7ኛ ክፍል መጽሐፏን አውጪላት። ወደ ታች መመለስ ነውር እንዳልሆነ ንገሪያት።

ሁለተኛው እንግሊዝኛው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ሒሳቡን ስላልቻለ ሳይሆን ጥያቄው ስላልገባው ነው። «ኤክሴፕት» የምትለዋን ቃል ውሰጂ። «የሚከተሉት ሁሉ ትክክል ናቸው፣ ከአንዱ በስተቀር» የሚል ጥያቄ ነው የምታመጣው። ልጁ ግን «ሀ» ላይ ትክክል የሆነ ነገር ሲያይ ደስ ብሎት አክብቦ ያልፋል። «አት ሊስት»ም እንዲሁ ነው። 200 ተማሪዎች አሉ፤ አንድ አውቶቡስ 45 ይጭናል፤ ቢያንስ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ልጆቼ አካፍለው «4፣ ቀሪ 20» ብለው ይሰጡኝ ነበር። ማካፈሉ ልክ ነው። ሃያዎቹን ግን መንገድ ላይ ጥለዋቸዋል። መልሱ 5 ነው።

ለዚህ አንቺ እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅብሽም። ማታ በርበሬ ስትቀነጥሺ አጠገብሽ ትቀመጥ። ምርጫዎቹን በእጇ ትሸፍንና ጥያቄውን ታንብበው፤ ከዚያ በአማርኛ «የተጠየቅኩት ይህ ነው» ብላ ትንገርሽ። ሳትሠራው። አንቺ ካልገባሽ፣ ለእሷም አልገባትም ማለት ነው፤ እንደገና ታንብብ። በቀን አምስት ጥያቄ ይበቃል። ያላወቀቻትን ቃል ደብተሩ ጀርባ ትጻፋት። ከዚህ ሌላ በየቀኑ 20 ደቂቃ ድምፅ አውጥታ የምታነበው ቀላል የእንግሊዝኛ ታሪክ ይኑራት። ይህ ለመግቢያ ፈተናው ብቻ አይደለም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባታልፍም የትም ብትማር ይከተላታል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ስልክ በሌለበት፣ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓቱ ትሥራ። ያቃታትን ምልክት አድርጋ ማለፍ፣ መጨረሻ ላይ መመለስ ትልመድ። በሳምንት አንዴ ብቻ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ተጫውታ ትዋል። በሥራ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃታል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ መጽሐፍ ይከደን። ሚኒስትሪውም እንዳለ አትርሺ። ክልላዊ ፈተናውን ሳታልፍ 9ኛ ክፍል የለም።

አሁን ወደ ሆድ ሕመሟ ልምጣ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አሳያት። ሕመም ካልተገኘባት ግን የሚያማት ፈተናው አይመስለኝም። የእናንተ ፊት ነው። ይህን የምልሽ ስላደረግኩት ነው። የበኩር ልጄን አዲስ አበባ የመግቢያ ፈተና ይዤው ሄድኩ፤ ፈተናው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ በጠመዝማዛው ልጁ አስመለሰው። ፊቱ ነጭ ሆነ። እኔ ውሃ እየሰጠሁት እንኳ «ይህን ካላለፍክ ልፋቴ ሁሉ መና ነው» አልኩት። ማታ ዘመድ ቤት ደርሰን ራቱን ሳይበላ ተኛ። በማግስቱ የመጨረሻውን ገጽ ሳይሠራው ወጣ። አላለፈም። ወደ ቤት ስንመለስ ጎሐ ጽዮን ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩትም። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ደህና ሰው ነው። ያ ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እህቴ፣ ዛሬውኑ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ንገሯት። «ብታልፊ ደስ ይለናል፤ ባታልፊ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ትማሪያለሽ፣ ቤታችን ያው ነው» በሏት። አንዴ ሳይሆን ደጋግማችሁ። አስጠኚ የቀጠራችሁበትን ብርም ፊቷ አታንሱ። ለፈተናው ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ መንገዱ በዚህ ዘመን ባሰቡበት ሰዓት የሚያደርስ አይደለም። ክፍያውን ደግሞ ከፈተናው በፊት ጠይቁ። የመክፈል አቅም ለሌለው ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጡ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ደብረ ብርሃን ያለው ኃይለ ማናስ አካዳሚ አንዱ ነው። አልፋ ክፍያው ከአቅማችሁ በላይ ሆኖ ብትቀር ጉዳቱ ለእሷ ይከፋል።

ስለ ቃለ መጠይቁ አንድ ነገር ብቻ። እኛ ልጆቻችንን ታላቅ ሲያናግራችሁ አንገት ድፉ ብለን ነው ያሳደግነው። ጠያቂው ግን ልጅቷ ፈራች ወይም አታውቅም ሊል ይችላል። ቀና ብላ ማየት ድፍረት እንዳልሆነ ንገሪያት። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ፊት ታውራ። የተሸመደደ መልስ አታስጠኚያት። በርበሬ ሲገዛ ጥሩው በምን እንደሚለይ ታስረዳ፤ ይህን ከአንቺ ጋር ገበያ ውላ ታውቀዋለች፣ ደግሞ የራሷ ነው።

ከቤት መውጣቷን በተመለከተ፣ ደግ ነው ወይም አይደለም ልልሽ አልችልም። የቆሎ ተማሪ ከዚህም ባነሰ ዕድሜ ይወጣ ነበር፤ ግን ወዶ ሲወጣ ነው የሚያምርበት። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ወይም ሌላ ቦታ ዘመድ ካላችሁ ሁለት ሳምንት ትቆይ። ልብሷን ራሷ ታጥባለች? ሲያማት ለሰው ትናገራለች? ሲከፋት ትደውላለች? ከዚያ ራሷን ጠይቂያት። በደብዳቤሽ ውስጥ የባለቤትሽን ሐሳብ አግኝቻለሁ፣ ያንቺን አግኝቻለሁ። የልጅቷን ግን አላገኘሁም።

ጥያቄ

«ከቢቸና ነኝ። የእህቴን ልጅ ለመግቢያ ፈተና አስጠናለሁ። ሒሳቡንስ እንደምንም፤ አፕቲትዩድ የሚባለው ግን መጽሐፍ የለው፣ ምዕራፍ የለው። ይጠናል ወይስ የተፈጥሮ ነው?»

መልስ

ወንድሜ፣ ይለመዳል። የቁጥር ተከታታይ፣ ከቡድኑ የማይገባውን መለየት፣ የቃላት ዝምድና፣ ቅርጽ ማዞር፤ አብዛኛው ከእነዚህ አያልፍም። ገበጣ ካላችሁም አጫውተው፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማስላት ጥሩ ልምምድ ነው። ዋናው ግን መልሱን ሲነግርህ «እንዴት አገኘኸው?» ማለትህ ነው። ልክ ሲሆንም ጠይቀው።

ይህን ስጠው፦ 2፣ 6፣ 12፣ 20፣ 30፣ ቀጥሎስ? አንዱ ልጅ ልዩነቱን ያያል፤ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ ስለዚህ 12 ጨምሮ 42 ይላል። ሌላው 1 በ2፣ 2 በ3፣ 3 በ4 እያለ ሄዶ 6 በ7፣ 42 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ «አሥረኛው ቁጥር ስንት ነው?» በለው። የመጀመሪያው ገና ሲደምር፣ ሁለተኛው 10 በ11 ብሎ 110 ይልሃል። የእህትህ ልጅ በየትኛው መንገድ እንደመጣ ጻፍልኝ።