ቫይረስ ለጓይ ትል

ጥያቄ፦ ደምቢያ ያለውን የአባቴን ሽምብራ ጓይ ትል እየጨረሰው ነው። ትል የሚገድል ቫይረስ አለ ሲሉ ሰማሁ። ለኛስ፣ ለንቦቻችንስ አያሰጋም? አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አይዞህ ወንድማችን፣ አያሰጋም። ለጓይ ትል የሚሆነው ኤንፒቪ የተባለው ቫይረስ ከሱና ከቅርብ ዘመዶቹ አያልፍም፤ ሰውም ከብትም ንብም አይነካም። ትሉ የተረጨውን ቅጠል ሲበላ አብሮ ይውጠዋል፣ ቫይረሱን የሸፈነው ፕሮቲን አንጀቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ ቫይረሱ ይባዛና በሳምንት ገደማ የትሉ ሰውነት ቀልጦ ይሞታል፤ ከሬሳው የሚፈሰውም ሌሎቹን ይበክላል። ደስ የሚለው ይሄ ነው! ግን ፍጠኑ። ያደገ ትል በቀላሉ አይሞትም፣ ፍሬው ውስጥ ከገባ ደግሞ ርጭቱ አያገኘውም። ፀሐይ ቫይረሱን ስለምታጠፋው ወደ ማታ እርጩ። ከመግዛታችሁ በፊት ለጓይ ትል የተዘጋጀና የተመዘገበ መሆኑን የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።