ካርድ የማይጠየቅበት ድንገተኛ ክፍል

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ «ካዥዋልቲ» የተሰኘውን የብሪታኒያ ድራማ፣ በተለይም 31ኛ ምዕራፉን አንስቼ ነበር። ድራማው ቢቢሲ ዋን ላይ የሚታይ ሲሆን ታሪኩ የሚያልፈው ሆልቢ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ምዕራፉ ከኦገስት 2016 እስከ ጁላይ 2017 የታየ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይነበብልኝ።) የደረሰኝ ደብዳቤ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። አንዳንዱ ስለ ድራማው ይጠይቃል፤ አብዛኛው ግን ስለ ራሳችን ሐኪም ቤትና ስለ ራሳችን ሰው ነው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም ድራማውን የምወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከ1986 ጀምሮ የሚታይን ድራማ ሁሉንም ለማየት ዕድሜ አይበቃም። 31ኛውን ምዕራፍ ለምን መረጡ? እኔ ሄሊኮፕተር ሆስፒታሉ ላይ ሲወድቅ አይቼ «ይህማ የፍንዳታ ፊልም ነው» ብዬ ተውሁት። (ከአዳማ)

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ሳየው እዚያው ላይ ልተወው ነበር። ያ በሁለት ምሽት የታየ መክፈቻ የድራማውን 30ኛ ዓመት ለማክበር የተሠራ ነው፤ ግርግሩም የበዓል ግርግር ነው። ነገር ግን በዚያው መክፈቻ ውስጥ ሄሊኮፕተሩን የሚያስረሳ ሠርግ አለ። ቻርሊና ደፊ የሚጋቡት እዚያ ነው። ሁለቱም በ1986 በመጀመሪያው ታሪክ ነርሶች ሆነው የገቡ ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ የሚጫወቷቸውም ያኔ የነበሩት ዴሪክ ቶምፕሰንና ካቲ ሺፕተን ራሳቸው ናቸው። በሙሽራውና በሙሽራይቱ ፊት ላይ የሚታየው ሽበትና ሽብሽብ ሜካፕ የሠራው አይደለም። ሠላሳ ዓመት እውነተኛ ዕድሜ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲያልፍ የሚታይበት ድራማ ብዙ የለም። ቶምፕሰን ከቻርሊ ጋር እስከ ማርች 2024 ዘልቆ ነው የተሰናበተው።

ምዕራፉን የመረጥሁት በጩኸት ጀምሮ በትዕግሥት ስለሚጨርስ ነው። የመጨረሻውን ክፍል ሳያዩ አይፍረዱበት።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ በአንድ ካሜራ ተቀረፀ የሚባለው እውነት ነው? ቢሆንስ ለተመልካች ምን ይጨምራል? (ከሐዋሳ፣ የቪዲዮ ባለሙያ)

መልስ፦ እውነት ነው። በጁላይ 29 ቀን 2017 የታየው ይህ ክፍል ርዕሱም «አንድ» ነው። ከድራማው ሁለት መሥራቾች አንዱ የሆነው ፖል አንዊን ጻፈው፤ ጆን ሰን አዘጋጀው። 48 ደቂቃ ያህል አንዲት ካሜራ ሳትቆም ትሄዳለች። አርባኛው ደቂቃ ላይ አንድ ተዋናይ ቃል ቢስት ወይም አንድ በር በሰዓቱ ባይከፈት ሥራው እንደገና ከዜሮ ነው። እርስዎ በሙያው ውስጥ ስላሉ ጭንቀቱን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ለተመልካች የሚጨምረው መንገዱን ነው። በተለመደው ድራማ ሐኪሙ «ደም አምጡ!» ይላል፤ ሥዕሉ ይቆረጣል፤ ደሙ ተሰቅሏል። በመካከሉ ደሙን ሊያመጣ የሄደው ሰው፣ ያቋረጠው ኮሪደር፣ መንገድ ላይ «እባክህ ስለ እናቴ ንገረኝ» ብሎ የያዘው ዘመድ ሁሉ ጠፍተዋል። መቁረጥ ሲቀር እነዚህ ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ። ሐኪሙ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፍ አብረን እናልፋለን፤ የአንዱ ሕመምተኛ ነገር ገና ከፊቱ ሳይጠፋ ሌላው ሲጠብቀው እናያለን።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴን ይዤ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ያደርሁበት ሌሊት ነበር። ከዚያ ሌሊት ዛሬም የሚታየኝ አንዲት ነርስ ናት። በየተወሰነ ጊዜ ትመጣለች፤ የጉሉኮሱን ጠብታ በእጅ ሰዓቷ እያየች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች፤ መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቷ ትንሽ ታጠብቃለች፤ ደግማ ትቆጥራለች። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው አልጋ። ሲነጋጋ የላስቲክ ጫማዋን ድምፅ ከሌሎቹ ለይቼ ማወቅ ጀምሬ ነበር። በየትኛውም ፊልም ላይ ይህች ነርስ ተቆርጣ የምትቀር ናት። «አንድ»ን ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን በቴሌቪዥን ያየሁ መሰለኝ፤ የዚያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በፊልም ሁሉ የልብ መከታተያው መስመር ቀጥ ሲል ኤሌክትሪክ ይለቁና ሰውዬው ይነቃል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «ለእኛ ሰው ለምን አላደረጋችሁም?» ይለናል። ይህ ድራማስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ከብዙዎቹ ይጠነቀቃል። ከጥንት ጀምሮ ከጎኑ የሥራው ሰዎች አሉት፤ የቻርሊ ገጸ ባሕርይ የተቀዳውም ብሪስቶል ውስጥ ይሠራ ከነበረና በኋላ የድራማው የሕክምና አማካሪ ከሆነ ፒተር ሶልት ከተባለ ነርስ ነው። ይሁን እንጂ የቴሌቪዥን ልብ ከእውነተኛው ልብ ይልቅ ቶሎ የሚነሣ መሆኑ አልቀረም። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሦስት የአገሩን ፕሮግራሞች መርምሮ፣ ልባቸው ቆሞ ከታከሙት ከአራቱ ሦስቱ ሲተርፉ አሳይቷል። ብሪታኒያ ውስጥ ከሆስፒታል ውጪ ልባቸው ከቆመ ሰዎች መካከል ድነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ለቤተሰብ እንዲህ ብለው ቢያስረዱስ፦ ኤሌክትሪኩ የሚረዳው ልብ ሥርዓቱ ተዛብቶ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ መንቀጥቀጡን አስቁሞ ልብ በራሱ ሥርዓት እንዲነሣ ዕድል ይሰጠዋል። መስመሩ ቀጥ ካለ የሚቆም መንቀጥቀጥ የለም፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ደረትን መጫንና መድኃኒት ነው። መጫኑም ቀላል ጉልበት አይደለም። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ክርን ሳይታጠፍ። ተዋናይ ሲጫን ክርኑን የሚያጥፈው ከሥሩ የተኛው ሰው ጤነኛ ስለሆነ ነው፤ የእውነቱን ቢጫነው ይጎዳዋል። ይህን ካወቁ በኋላ ሁሉም ፊልም ላይ ያዩታል።

ጥያቄ፦ ካሌብን ለምን ገደሉት? እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ላላዩት ላስረዳ። ካሌብና ኢተን ሁለቱም ሐኪሞች፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ናቸው። ወላጅ እናታቸው የሐንቲንግተን ሕመም ነበረባት። ይህ አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያደክም፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ የሚጀምር፣ መዳኛ ያልተገኘለት የዘር በሽታ ነው። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ የአንዱ መውረስ ሌላውን አያድነውም፣ አይጎዳውም። ኢተን ወረሰ፤ ካሌብ አልወረሰም። በማርች 2017 በጩቤ ተወግቶ የሞተው ግን ነጻ የወጣው ካሌብ ነው።

አገዳደሉ ችኮላ እንዳለበት እስማማለሁ፤ ገዳዩም ሰው ከመሆን ይልቅ ክፋት ብቻ ሆኖ ተጽፏል። የሚቀጥለውን ግን ደግመው ይዩት። የራሱን ዓመታት ሲቆጥር የነበረው ኢተን ታላቁን ይቀብራል፤ ረጅም ዕድሜ የተባለለት ወንድም ቀድሞ ሄደ። ተዋናዩ ጆርጅ ሬይንስፎርድ ይህን ሐዘን በጩኸት አያሳየንም፤ ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሐዘን ቤት የሚያውቅ ሰው ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ጥያቄ፦ ሆልቢ የምትባለው ከተማ የት ናት? (ከደሴ)

መልስ፦ በካርታ ላይ የለችም። የተሣለችው በብሪስቶል አምሳል ነው፤ ድራማውም እስከ 2011 ድረስ እዚያው ብሪስቶል ይቀረፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚቀረፀው በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ነው።

ጥያቄ፦ ርዕሱን በአማርኛ ምን እንበለው? (ከጎንደር፣ አስተማሪ)

መልስ፦ «ድንገተኛ ክፍል» ነው የምለው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተጎጂውን ሰውም፣ ተጎጂው የሚገባበትን የሆስፒታል ክፍልም ይጠራል፤ ድራማው ሲጀመር ሰው ክፍሉን በዚሁ ስም ነበር የሚጠራው። «ሰለባ» ብለው የተረጎሙትን አይቻለሁ፤ ያ ግን በሩን ዘግቶ ሬሳውን ብቻ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ስንት ታሪክ አየሁ፤ አንድም ሰው ካርድ አውጣ፣ ብር አስይዝ ሲባል አላየሁም። ለማሳጠር ብለው ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ይህን ሳነብ ነው ቆም ያልሁት። ለማሳጠር አይደለም፤ እዚያ እንዲሁ ነው። የብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የተመሠረተው በጁላይ 5 ቀን 1948፣ የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን በነበሩበት ጊዜ ነው። መነሻ ሐሳቡ ታካሚ በሚታከምበት ሰዓት ገንዘብ እንዳይጠየቅ፣ ወጪው አስቀድሞ ከግብር እንዲሸፈን ነው። በእንግሊዝ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና ለውጭ አገር ሰውም ቢሆን አይከፈልበትም፤ ክፍያ ሊመጣ የሚችለው አልጋ ይዞ ከተኛ በኋላ ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን አውቀው ሕመማቸውን ሒሳብ በመፍራት እንዳያሳድሩ እፈልጋለሁ።

ድራማው ራሱ የተወለደው ከዚህ ጉዳይ ነው። ፖል አንዊንና ጄረሚ ብሮክ ሐሳቡን ለቢቢሲ ሲያቀርቡ የጻፉት የድራማ ማስታወቂያ አይመስልም፤ በ1948 አንድ ሕልም ተወልዶ ነበር፣ በ1985 ግን ሕልሙ ተቀዳዷል የሚል ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሌሊት ተረኞችን፣ የጎደለውን የሰው ኃይል፣ የሚዘጋ ክፍልን ይዞ ሲመጣ የወቅቱ ገዥ ፓርቲ ሰዎች አልወደዱትም። ዛሬ የሠላሳና የአርባ ዓመቱን ድራማ ስናይ ፍቅርና ጠቡ ይበዛብናል፤ ከሥሩ ያለው ቁጣ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ አብራኝ ታያለች። ራሳቸውን የሚጎዱ ሰዎች ታሪክ ሲመጣ እጨነቃለሁ። ጣቢያውን ልቀይር ወይስ ልተወው? (ከስቶክሆልም፣ እናት)

መልስ፦ ጭንቀትዎ መሠረት አለው። በኖቬምበር 1996 ይኸው ድራማ አንድ ሰው ሆን ብሎ መድኃኒት አብዝቶ ሲወስድ አሳየ። በ1999 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 49 ድንገተኛ ክፍሎችን ተከታትሎ፣ በዚህ ዓይነት ጉዳት የሚመጡ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት በ17 በመቶ፣ በሁለተኛው በ9 በመቶ መጨመራቸውን አገኘ። ታሪኩን አይተው ከነበሩት ታካሚዎች ከአምስቱ አንዱ ውሳኔዬ ላይ ተጽዕኖ ነበረው ብለዋል። ድራማውን እወደዋለሁ፤ ይህን ግን አልሸፍንለትም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጻፍ ዘዴው በዝርዝር መታየት የለበትም፤ መታየት ያለበት እርዳታ የሚገኝበት መንገድ ነው።

ስለ ልጅዎ ግን ጣቢያ ከመቀየር ይልቅ አብረው ማየቱን እመርጣለሁ። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ያጥፉና በቀጥታ ይጠይቋት፤ «አንቺስ እንዲህ ተሰምቶሽ ያውቃል?» ብለው። መጠየቅ ሐሳቡን ልጅ ራስ ውስጥ አያስገባም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። አዎ ካለችዎት አይቆጧት፣ አያስምሏት። አጠገቧ ይቀመጡ፤ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ አብረው ይሂዱ፤ አደጋው ቅርብ ከመሰለዎት ግን እስኪነጋ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ወደ ለንደን ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እጇ ተሰብሮ ድንገተኛ ክፍል አራት ሰዓት ጠበቅን፤ ከእኛ በኋላ የመጡ ቀድመውን ገቡ። «ጥቁር ስለሆንን ነው» ብላ አለቀሰች። ድራማው ላይም ተራ የሚባል ነገር አይታይም። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትዎን በጣም ይሰማኛል። የማያውቁት አገር፣ የማያውቁት ቋንቋ፣ በዚያ ላይ ሕመም። መድልዎ የለም ብዬ አላስተባብልም፤ የዚያን ቀኑ ነገር ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ድንገተኛ ክፍል የሚሠራው በመጡበት ተራ ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ነው፤ አሠራሩን አገር ቤት ያሉ የጤና ባለሙያዎችም ትሪያጅ ይሉታል። በብሪታኒያ በሰፊው የሚሠራበት በ1990ዎቹ ማንቸስተር ውስጥ የተዘጋጀው ነው። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት ይላል፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ደረቱን የያዘ ሰው በእግሩ እየሄደ ቢገባ እንኳ እጅ ከተሰበረው ይቀድማል። ከውጭ የሚያይ ሰው ሕመሙን ስለማያይ ተራ ተሰረቀ ይለዋል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ነገር ያስታውሱ። መጀመሪያ የምታያቸው ነርስ «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ እናቶቻችን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ነርሷም ያንኑ ትጽፋለች። አስቀድመው «እማዬ፣ እዚህ ሕመም አይደበቅም» ይበሏት፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ በነጻ ነው። ሁለተኛ፣ ተቀምጠው ሳሉ ጣቶቿ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ተራ አይጠብቁ፤ ተነሥተው ወደዚያችው ነርስ ይመለሱ፤ እንደገና አይታ ቀለሙን ትቀይረዋለች።