ሻርኩ ወይስ ቤተ መንግሥቱ? እትዬ ለአንባቢያን ይመልሳሉ

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሎስ አንጀለስ እንመጣለን። እኔ፣ እናቴ፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጄና የ5 ዓመት ሴት ልጄ ነን። የምናርፈው ፌርፋክስ አካባቢ የባለቤቴ እህት ቤት ነው። ለመዝናኛ ያለን ገንዘብ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ወንዱ ሃሪ ፖተር ስለሚወድ ዩኒቨርሳል ካልሄድኩ ይላል። ትንሿ ደግሞ ዲስኒላንድ ካልሆነ እያለች ታኮርፋለች። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። በወጣትነቷ ግን ሲኒማ ራስ የመጣ የሕንድ ፊልም አያመልጣትም ነበር አሉ። የትኛው ይሻለናል?
— ግራ የገባት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ግራ አይግባሽ። እኔ ሎስ አንጀለስ ስኖር በየክረምቱ እንግዳ ይመጣብኛል። እንግዳ ሁሉ ደግሞ ከኤርፖርት ወጥቶ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሁለቱንም ቦታ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ቆጠራውን ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ ልዩነታቸውን ላስረዳሽ። ሁለቱም ፊልም ይሸጣሉ፤ አሻሻጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ዩኒቨርሳል እውነተኛ የፊልም መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ ፊልም ይቀረጻል። መሥራቹ ካርል ላምሌ እ.ኤ.አ. በ1915 ግቢውን ሲከፍት ተመልካች በ25 ሳንቲም እየገባ ቀረጻ ያይ ነበር፤ ምሳም ጭምር ይሰጠው ነበር። ያኔ ፊልም ድምፅ ስላልነበረው ሰው ቢያጨበጭብ፣ ቢጮህ ችግር የለም። ድምፅ ሲመጣ ተመልካቹን አስወጡት። በ1964 እንደገና በተሳቢ አውቶቡስ እያዞሩ ማስጎብኘት ጀመሩ። ፓርኩ የበቀለው ከዚያ ነው። ዲስኒላንድ በተቃራኒው ከመነሻው በ1955 ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ቦታ ነው። ዋልት ዲስኒ ግን ንድፉን ያሠራው የፊልም መቼት ሲሠሩ የኖሩ ሰዎችን ጠርቶ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ማታለያ ታገኛለሽ። ዩኒቨርሳል ውስጥ የካውቦይ ከተማ አለ። የአንዳንዱ ቤት በር ሆን ተብሎ ትንሽ ተደርጓል፤ ተዋናዩ በሩ ላይ ሲቆም ግዙፍ እንዲመስል። አስጎብኚው ይህንን እየሳቀ ይነግርሻል። ቤቶቹ ፊት ብቻ ናቸው፤ አውቶቡሱ ሲዞር ከኋላ እንጨት ደግፏቸው ታያለሽ። ዲስኒላንድ ስትገቢ ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሕንጻዎች ፎቃቸው ከምድር ቤቱ ያነሰ ነው። ቤተ መንግሥቱ 23 ሜትር ብቻ ነው፤ ጡቡ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እያነሰ ስለሚሄድ ግን ሰማይ የነካ ይመስላል። ይህንን ማንም አይነግርሽም። አንዱ ማታለያውን ያሳይሻል፣ ሌላው ይደብቅብሻል። የ5 ዓመት ልጅ እንዲደበቅላት ትፈልጋለች። ፊልም ስታይ ያደገች አሮጊት ግን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ነው የሚያምራት።

እንዴት አወቅሽ በይኝ። ነፍሷን ይማርና እናቴን ሁለቱም ጋ ወስጃታለሁ። የዩኒቨርሳሉ ጉብኝት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ተቀምጠሽ ነው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ "ጆውስ" የሚባለው ፊልም ሻርክ ከውኃው ብድግ ሲል "በስመ አብ ወወልድ!" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። የጥፍሯ ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም። ቀጥሎ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ገባን። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያው ተደረመሰ፣ የነዳጅ ቦቴ እየተንሸራተተ መጥቶ እሳት ተነሣ፣ ጎርፍ ወረደ። እሱን በትዕግሥት አለፈችው። የተከሰከሰው አውሮፕላን ጋ ስንደርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። አስጎብኚው ይህ እውነተኛ ቦይንግ 747 ነው፣ ለፊልም ተብሎ ተገዝቶ ተቆራርጦ ነው አለ። ተረጎምኩላት። ወንበሩ ተበታትኗል፣ ጭሱ ይጨሳል።

"ሰዎቹ ተረፉ?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ፊልም ነው እኮ።"

"አውሮፕላኑ እውነተኛ ነው አላልሽም?"

"ነው።"

"እንግዲያው ነፍሳቸውን ይማር።"

ወደ ቤት ስንመለስ ለጎረቤት ያወራችው ይህንኑ ነበር። ዲስኒላንድ በጀልባ እየተቀመጠ የዓለም ሕፃናት አሻንጉሊት የሚታይበት ቦታ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኢትዮጵያዊቷን ስትፈልግ ቆይታ በመጨረሻ አንዷን "ይቺ የኛ ናት" ብላ ወሰነች። ወደደችው። በማግስቱ ግን አላነሣችውም።

አሁን ወደ ልጆቹ። ራይድ ስል ታክሲውን ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ልጆቹ መጫወቻውን "ራይድ" ይሉታልና ልመዱት። ብዙው ራይድ የቁመት ገደብ አለው። ዛሬውኑ ሜትር አምጪና ትንሿን ያለ ጫማ ለኪያት። ለምሳሌ 105 ሳንቲ ሜትር ብትሆን፣ ዲስኒላንድ በ102 የሚያስገቡት ብዙ ናቸው። የበረዶ ተራራው ማተርሆርን ግን 107 ይጠይቃል፤ ኢንዲያና ጆንስ 117። ቤተሰብ ሁሉ የሚገባባቸው፣ ገደብ የሌላቸውም ሞልተዋል፤ በራሪው ዝሆን፣ ፒተር ፓን፣ የወንበዴዎቹ ጀልባ። ዩኒቨርሳል ግን የሃሪ ፖተር ዋናው ራይድ 122 ነው፣ የዳይኖሰሩ 107። የማሪዮ ውድድር 102 ስለሆነ ያስገባታል። ከዚያ ውጭ ለሷ የሚሆን ብዙ የለም። የቀረው ቀኗ ወንድሟን ቆማ መጠበቅ ነው።

እንዳትሸውዱ ደግሞ። የእህቴ ልጅ 122 ለመድረስ ጫማው ውስጥ ናፕኪን አጭቆ ነበር። መለኪያው ሥር ሲቆም ሠራተኛዋ ጫማውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ "አውልቀው" አለችው። ናፕኪኑ ተራ በተራ ሲወጣ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ሁለት ሰዓት አላናገረንም። ገደቡ ለጭካኔ አይደለም፤ ሰውነትን የሚይዘው ብረት አጭር ልጅን በደንብ ስለማይዝ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ስሚ። አራታችሁም አንድ ቦታ መሄድ አለባችሁ ያለው ማነው? ተከፋፈሉ። አንድ ቀን፣ አራት ትኬት፤ ሁለቱ እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ። አንቺ ከትንሿ ጋር ዲስኒላንድ። ወንዱ ከአያቱ ጋር ዩኒቨርሳል፤ አክስቱም የራሷን ትኬት ገዝታ ትከተላቸው። ሁለቱም ቦታ ለአንድ አዋቂ ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። ቅዳሜና እሁድን ሽሹ።

"እናቴ ጉልበቷስ?" ትይኛለሽ። ዩኒቨርሳል ኮረብታ ላይ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ተብሎ ይከፈላል። በመካከላቸው ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ። ማሪዮና ዳይኖሰሩ ታች ናቸው። እሷ አትውረድ። ጉብኝቱና ሃሪ ፖተር ላይ ናቸው። ዊልቸር በኪራይ ይገኛል፤ "እኔ አካለ ስንኩል ነኝ ወይ?" ብላ እንዳትቆጣ ቀድመሽ አለማምጃት። በጉብኝቱ መሃል የግዙፉ ዝንጀሮ የኪንግ ኮንግ ዋሻ ውስጥ ስትገባ የሚሰጣትን መነጽር ባታደርገው ይሻላል። ግራና ቀኙ ስክሪን ነው፤ አውቶቡሱም አብሮ ስለሚናጥ ጭንቅላት ያዞራል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው።

ጾሙም እዚያ ነው የሚቀለው። ዩኒቨርሳል ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ብዙም አይወድም፤ ውኃና ቀላል መክሰስ ካልሆነ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለማትበላ ሴት ግን ይህ ምኗ ነው? ፌርፋክስ ቅርብ ነው፤ ተመልሳ ማታ የጾም በያይነቱ ትበላለች። ዲስኒላንድ ደግሞ ምግብ ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ጠርሙስና አልኮል ብቻ አይሁን። ዳቦ ቆሎሽን፣ ቆሎሽን ቋጥሪ። የአናናስ አይስክሬማቸው ወተት የለበትምና አንቺም ብትጾሚ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሆንሻል። ነሐሴ ላይ ዲስኒላንድ ያለበት ከተማ አናሃይም ምጣድ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ዲስኒ አናሃይም ውስጥ ሁለት ፓርክ አለው፣ በራቸው ፊት ለፊት ነው። ቤተ መንግሥቱና ስታር ዋርስ አንደኛው ውስጥ፣ "ካርስ" ከሚባለው የካርቱን ፊልም የመጣው የመኪኖቹ ከተማ ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ትኬቱ የአንዱን ብቻ ከሆነ ሌላው አይከፈትልሽም። ከመግዛትሽ በፊት ልጅሽ የምትፈልገው የትኛውን እንደሆነ ጠይቂያት። ሁለተኛው፣ "የተረፈ ቀን አለኝ" የሚል ሰው በርካሽ ትኬት ቢያቀርብልሽ እምቢ በይ። እኔ አንድ ጊዜ ገዝቼ በሩ ላይ ከሦስት እንግዳ ጋር ተመልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን የትኬቱን ባለቤት ፎቶ ስለሚያነሡ የኔ ፊት ከሱ ፊት ጋር አልገጠመም፤ እሱ ጺም ነበረው።

ጫማሽ ታኮ አይኑረው። ዲስኒላንድ የተከፈተ ዕለት አስፋልቱ ገና ስላልጠነከረ የሴቶቹ ታኮ እየሰመጠ ነበር ይባላል። ዛሬ አስፋልቱ ጠንክሯል፤ አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ትሄጃለሽ። ሲደክምሽ ፓርኩን የሚዞረው ባቡር ላይ ውጪ። አራት ጣቢያ አለው፤ የፈለግሽውን ያህል ዙሪ፣ ማንም ውረጂ አይልሽም። ከፌርፋክስ እስከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ጠዋት በጊዜ ውጡ። ፍሪዌዩ ከተዘጋ ግማሽ ቀንሽ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ጥያቄ

እትዬ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ፈቃድ አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሞሽንጌት የሚባለው የፊልም ፓርክ እንሂድ ወይስ አቡ ዳቢ ዋርነር ብራዘርስ?
— እረፍት ያማረው

መልስ

ሐምሌ ካልክ አለቀ፣ አቡ ዳቢ። ዋርነር ብራዘርስ ያስ ደሴት ላይ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ሥር፣ ኤሲው እስኪበርድህ ድረስ። ሲከፈትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ነው። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት በሐምሌ ፓርክ የሚከፍት በጣሪያው የተማመነ ብቻ ነው። የባትማን ከተማ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፤ ውጪ እኩለ ቀን፣ ውስጥ ጨለማ። የሱፐርማን ከተማም አለ፣ የካርቱኖቹም።

ሞሽንጌት ዱባይ ውስጥ ሆኖ በሼክ ዛይድ መንገድ ወደ አቡ ዳቢ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። የሽሬክና የኩንግ ፉ ፓንዳው አዳራሽ ጣሪያ አለው። ጥሩ ጥሩዎቹ ሮለር ኮስተሮች ግን ደጅ ናቸው። ለፍጥነት ከሆነ የምትሄደው ሞሽንጌት ይበልጣል፤ ግን ታኅሣሥ ጠብቅ። ብረቱ ሐምሌ ላይ ያቃጥላል። ዲስኒም ያስ ደሴት ላይ ፓርክ እንደሚሠራ በ2025 አስታውቋል። እሱን እንኳ ለልጆችህ ተወው።

ጥያቄ

እትዬ፣ ስለ ካሊፎርኒያ ብቻ ነው የሚያወሩት። እኛ አትላንታ ያለነው በመኪና ኦርላንዶ እንሄዳለን። እዚያስ?
— ቅር ያለው

መልስ

ቅር አይበልህ። ፉክክሩ የጠነከረው እንዲያውም እዚያ ነው። ዲስኒ የፊልም ስቱዲዮ ፓርኩን በ1989 ከፈተ፣ ዩኒቨርሳል በ1990። ዩኒቨርሳል "ሐሳቤን ቀድመው ወሰዱት" ብሎ አኩርፏል። ያሳዘነው ግን የራሱ መክፈቻ ነው፤ ትልልቆቹ ራይዶች ቀኑን ሙሉ ሲበላሹ ዋሉ። የሻርኩ ራይድማ ጭራሽ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። አሁን ሁኔታው ተገልብጧል። ዩኒቨርሳል በግንቦት 2025 ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባል ሌላ ትልቅ ፓርክ ጨምሯል። ልጆችህ ከ10 ዓመት በላይ ከሆኑ አላመነታም፣ ዩኒቨርሳል። ከዚያ በታች ከሆኑ ዲስኒ።

አንድ ነገር ብቻ። ከኤፒክ ውጭ ያሉት ሁለቱ የዩኒቨርሳል ፓርኮች እያንዳንዳቸው የሃሪ ፖተር ሰፈር አላቸው፣ በመካከላቸውም ባቡር ይመላለሳል። ልጆቹ የሚፈልጉት ባቡሩን ነው። ባቡሩ ላይ ለመውጣት ሁለቱንም ፓርክ የሚያስገባ ትኬት ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ገዝተህ ከሄድክ ጣቢያው በር ላይ የሚደርስብህን እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።